ክር ተበጠሰ?

«ባሌ» ስል ሰው ይምታታበታል። አገሩን ማለቴ ይሁን ሰውየውን ለማወቅ ፊት ፊቴን ያያል። እኔም አንዳንዴ አልለየውም። ሁለቱም ብርዳም ነበሩ፤ ሁለቱም ሲያኮርፉ ጉም ለብሰው ይውላሉ፤ ሁለቱንም ጥዬ እሄዳለሁ እያልኩ ስዝት ኖሬ ከሁለቱም ሳልወጣ አረጀሁ። ሰውየው ሞቷል፣ አገሩ አለ። እኔም ጎባ ውስጥ፣ የሸማኔ ሰፈር በነበረው ቦታ አለሁ። እንዝርቴን ሳስቀምጥና ቤቱ ጭር ሲል አሁንም ጆሮዬ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ ሮቤ ደግሞ በገበያዋ እንጂ በቤቷ የማትታወቅ ትንሽ ቦታ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነው፣ እናቴ የጎሮ ኦሮሞ። ሸማኔ ላገባ ነው ስል ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አባቴ «ልጄን ጉድጓድ ውስጥ ለሚውል ሰው አልድርም፤ ጉድጓድ የሚወረደው ሲሞት ነው» አለ። እናቴ ግን ልጁ የሠራውን ጋቢ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ሀርካ ቀባ» አለች፤ እጅ አለው ማለቷ ነው። በእሷ ቃል ተዳርኩ።

የሸማኔ ሰፈር አንድ ረጅም የጭቃ መደዳ ነበር። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚዋሰን። ሁለት ሁለት ቤት በሚጋሩት ግድግዳ ሥር፣ በወዲህና በወዲያ፣ ጉድጓድ አለ፤ ሸማኔው አፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰድድና መርገጫውን እየረገጠ ይሠራል። ጠዋት የሳነቴ ተራራ ብርድ ገና ጣት ሳይለቅ አንዱ ይጀምራል። አንዱ ከጀመረ ጎረቤቱ አልጋ ላይ መቆየት ያፍራል፤ እሱ ሲነሳ ደግሞ የሱ ጎረቤት። ፀሐይ የቶጎናን ወንዝ ሳትሻገር መደዳው በሙሉ ይመታ ነበር። ሙሽራ ሆኜ አዲስ ገብቼ በድምፁ ራሴን ሲያመኝ ሰነበተ፤ ከዚያ ያለሱ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ሸማኔ አንድ ቦታ ላይ መታጨቁ ግራ ገብቶኝ ነበር። ገበያ የሚሻሙ ሰዎች ለምን ተጎራብተው ይኖራሉ? ቆይቶ ገባኝ። ድር የሚዘረጋ ሰው ሲኖር ሁሉም ከየጉድጓዱ ይወጣል፤ ክሩ ከመደዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በሰው እጅ ላይ ያልፋል፤ ጤዛው ሳይደርቅ ያልቃል። ፈትል የምንሸጥ ሴቶች ልቃቂታችንን ይዘን የምንመጣው ወደዚያ ነው፤ አንዱ ቢያፈገፍግ ሌላው ይወስደዋል። መወርወሪያ የሚጠርበው አናጢ ጥላውን የዘረጋው እዚያው መደዳው ጫፍ ላይ ነው። ባላገሩም ከጎሮ ይምጣ ከዶዶላ፣ ጋቢ ሲያምረው እግሩ ወደ መደዳው ይመራዋል፤ ምክንያቱም ማማረጥ የማይወድ ሰው የለም። እርስ በርስ ሲተማሙ ይውላሉ፣ ግን አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሰው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጥያቄያቸው ነው። ሸማኔ ሲሠራ ክር ይበጠስበታል፤ ያቆማል፣ ጫፍና ጫፉን ያገናኛል፣ ይቀጥላል። ዝምታው ከዚያ ካለፈ ግን በግድግዳ የሚዋሰነው ጎረቤት ጮክ ብሎ «ተበጠሰ?» ይላል። ይሄኛውም «ቀጠልኩ!» ይልና መወርወሪያውን ይልካል። በቃ ይኸው ነው። ተኝቶም ይሁን ተክዞ፣ ወይም ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ፣ መልሱ «ቀጠልኩ» ነው። ጠያቂው ደግሞ የግድግዳው ጎረቤት ብቻ ነው፤ ሌላው አያገባውም። ሴትም አትጠይቅም። እኔ ይህን ሰምቼ «ታዲያ ሴት ክር አታውቅም?» ብል ባሌ ሳቀብኝ።

የኛን ግድግዳ የሚዋሰኑት ሽማግሌ የባሌ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ቀድማ ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ባሌ ከሸዋ ሲመጣ እጁን ይዘው መወርወር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔም «አባባ» እላቸዋለሁ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ «ተበጠሰ?» ሲሉ ግድግዳው የተናገረ ነበር የሚመስለኝ።

የመጀመሪያ ልጃችን ስሟ ሳይወጣ ሞተች። በተቀበረች ማግስት ባሌ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠና አንድ ሁለቴ መትቶ ቆመ። ከማዶ «ተበጠሰ?» መጣ። አልመለሰም። ደግሞ ጠየቁ። አልመለሰም። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ፤ እንዲህ ባለ ቀንም ይጠይቃሉ እንዴ ብዬ በሰውየው ተናደድኩ። በሩ ተከፈተና አባባ ጋቢያቸውን ጎትተው ገቡ። ከባሌ ጎን ቁጢጥ ብለው በተወጠረው ድር ላይ ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ ቆዩ። በመጨረሻ «ተበጥሷል» አሉ፣ «ጫፉን ፈልገው።» ባሌ እያለቀሰ ፈለገ። ሲያገኘው ቋጠሮውን ራሳቸው ቋጠሩለትና ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኚያን ሰው እንደ አባቴ አየኋቸው።

እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ተጣሉ። ባሌ አንድ ጥበብ አውጥቶ ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ ተጠላልፎ እንደ ገብስ ዘለላ የሚወርድ፣ የሚያምር ነገር። ሰው ሁሉ ወደደለት። ብዙም ሳይቆይ አባባ ያንኑ ጥበብ፣ አንድ መስመር ጨምረውበት፣ ለአንድ ትልቅ ባለርስት ሚስት ኩታ ላይ አዋሉት። የባለርስቱ ሚስት ደግሞ ኩታውን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የጎባ ሴት በሙሉ ወደ አባባ ደጃፍ ጎረፈ።

ባሌ ፊቱ ቀልቶ «ጥበቤን ሰረቁኝ!» አለ፤ በሰው ፊት፣ መንገዱ ላይ።

አባባ በራቸው ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ መወርወር ያስተማርኩህን መልስልኝ ብዬህ አውቃለሁ?» አሉት።

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው! እርስዎ ሽማግሌ ነዎት ብዬ እንጂ...»

«ያቺን አንድ መስመር አየሃት?» አሉ፣ «እሷን ደግሞ አንተ ውሰድና ሌላ ጨምርባት። እንዲህ ነው የተሠራው ይሄ ሰፈር።»

እውነታቸውን ነበር። በመደዳው ውስጥ ከሌላው ያልተቀዳ ጥበብ አልነበረም። ባሌ ራሱ ስንቱን ቀድቷል! ግን የተነካ ሰው እንዲህ ያለውን መቼ ይሰማል። በዚያው ሰሞን «ሮቤ እንሄዳለን» አለኝ። ሮቤ ውስጥ አንድም ሸማኔ የለም፤ ገበያው በሙሉ የሱ ይሆናል፤ የሚያየው ዓይን የለ፣ የሚቀዳው እጅ የለ። ሲያወራው ዓይኑ ያበራ ነበር። እኔ ሸማኔ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቀሃል ወይ አልኩት። ሰደበኝ። እቃችንን በጋሪ ጫንን። ስንወጣ አባባ እየሠሩ ነበር፤ ባሌ ሳይሰናበታቸው በደጃፋቸው አለፈ።

የሮቤው ቤታችን ሰፊ ነበር፤ መቼም አልዋሽም፣ ስፋቱን ወድጄዋለሁ። ከከተማው ዳር ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ እስከ ዓይን ድረስ ገብስ። ባሌ አዲስ ጉድጓድ ቆፈረና ከዚያው ግድግዳ ሥር እቃውን ተከለ። የመጀመሪያው ጠዋት የመወርወሪያውን ድምፅ ስሰማ አንድ ነገር ጎደለኝ። ድምፁ ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ይጠፋል፣ የሚመልስለት የለም። ብቻውን የሚስል ሰው ዓይነት ሆነብኝ፤ ለሱ ግን አልነገርኩትም።

ችግሩ አንድ በአንድ መጣ። ፈትል የሚያመጣ የለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ለብዙ ገዢ ብለው ጎባ ይሄዳሉ፣ እኔም ከእነሱው ልገዛ በጋሪ ጎባ እመላለሳለሁ። ድር የምንዘረጋው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሜዳው ላይ ችካል ተክለን ከጠዋት እስከ ማታ ስንመላለስ ነፋሱ ያዘባርቀዋል፤ አንድ ጊዜ የጎረቤት ጥጃ መሃል ለመሃል ገብቶ የቀኑን ሥራ አንገቱ ላይ ጠምጥሞት ሄደ። መወርወሪያው ሲሰነጠቅ የሚጠርብ አናጢ አልነበረም። ገዢም ቢሆን፣ ይመጣል፣ ጋቢውን ይዳስሳል፣ ዙሪያውን ያያል። «ይሄ ብቻ ነው ያለህ? በል ጎባ ሄጄ ላማርጥ» ብሎ ይሄዳል። ገበያው በሙሉ የሱ ሆኖ ገበያ አጣ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው እጁ ነው። ጎባ እያለ እጁ ሲሄድ ዓይን አይከተለውም ነበር፤ ሮቤ ግን ቀን በቀን እየዘገየ ሄደ። ክር ሲበጠስበት ይቋጥራል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝምታው እየረዘመ መጣ። አንድ ባለጸጋ ገበሬ ለልጁ ሠርግ ጋቢ አዝዞት ሠርጉ ተበልቶ አለቀ፣ ጋቢው ግማሽ ላይ ቀረ። ሰውየው ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖለት ሄደ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

አንድ ጠዋት ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ሁለት እጁ ጨርቁ ላይ ተዘርግቷል፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። ልጠራው አፌን ስከፍት፣ ጮክ ብሎ፣ «ቀጠልኩ!» አለ።

ማንም አልጠየቀውም። ከግድግዳው ጀርባ ገብስ ብቻ ነበር። ደግሞ አልቀጠለም፤ እጁ ከተዘረጋበት አልተነሳም። እንስራውን ከነውሃው በር ላይ አስቀምጬ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

ጎረቤቴ በኔ ዕድሜ ያለች ሙስሊም ሴት ናት። ስታየኝ «አካም ቡልቴ?» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ አቆመች። «እኔም ልነግርሽ ነበር» አለችኝ፣ «ሰውዬሽ፣ ኤኙ ወጂን ሀሰአ? ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ገብስ ስናርም እንሰማዋለን፤ ‹ቀጠልኩ› ይላል። ወላሂ፣ ጅኒ ሳይሆን አይቀርም። ቁርዓን ይቀራበት።»

እኔ ደግሞ ጠበል ልውሰደው አልኩ። እሱን ስጠይቀው «ምን አልኩ?» ይለኛል፤ ከልቡ አያውቀውም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እሰማው ጀመር። ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ይመልሳል። ያዳምጥ ነበር እኮ! ራሱን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጎ። ባሌን ከነሕይወቱ እያጣሁት እንደሆነ ገባኝ፤ የሚወስደውን ደግሞ አላየውም።

በዚህ መሃል ነው ከጎባ መደዳ አንድ ሸማኔ ጋሪ ተሳፍሮ የመጣው። ሲገባ ጋቢውን ያደረገበትን አኳኋን አይቼ መርዶ እንደሆነ አወቅሁ። አባባ ታመው ሰንብተው ሞተዋል፣ ተቀብረዋልም።

ባሌ ቆሞ ሰማ። ሰውየው ቀጠለ፦ «ድራቸው እቃው ላይ እንደተወጠረ ነው። ጋቢ ጀምረው ነበር። ወጉን ታውቃለህ።»

ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። የሞተ ሸማኔ ድር አይቆረጥም። በግድግዳ የሚዋሰነው ሰው ይጨርሰዋል፤ ጨርቁ በአርባው ቀን ለነፍስ አባት ይሰጣል። ሳያልቅ አርባው ከደረሰ ሟቹ ከጉድጓዱ አልወጣም ይባላል።

ባሌ «እኔ ጎረቤታቸው አይደለሁም፤ ለቅቄያለሁ» አለ።

«በቦታህ ማን ገባ? ማንም አልገባም። ግድግዳው ያንተ ነው።» ሰውየው መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ደግሞ ልንገርህ። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ አባባ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። ሥራ ያቆሙና ወደ ባዶው ቤት ‹ተበጠሰ?› ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅንባቸው። ‹አባባ፣ ሄዷል እኮ› ስንላቸው፣ ‹አውቃለሁ፤ አፌ ነው የማያውቀው› ይሉናል። በኋላ መሳቁን ተውን። ከጠየቁ በኋላ ትንሽ ያዳምጡና ራሳቸውን ነቅንቀው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የተመለሰላቸው ነበር የሚመስሉት።»

ባሌን ቀና ብዬ ማየት አልደፈርኩም። ጎባና ሮቤ መሃል ያለውን መንገድ በእግሬም በጋሪም አውቀዋለሁ፤ የሰው ድምፅ የሚሻገረው መንገድ አይደለም። ይደማመጡ ነበር አልልም። አይደማመጡም ነበር ለማለትም አፌን ይይዘኛል።

በማግስቱ እቃችንን ጭነን ተመለስን። ቤታችን እንደተውነው ነበር፣ ሸረሪት ብቻ አድርቶበታል። ባሌ እዚያ አልተቀመጠም፤ በቀጥታ አባባ ቤት ገብቶ ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ እግሩን ሰደደ። የፈራሁት እጁን ነበር። ያ የዘገየ፣ የሞተ እጅ፣ ሮቤ ላይ ሠርግ ያመለጠው እጅ፣ ለአርባው እንዴት ይደርሳል? ባይደርስስ? ሌላ ሰው ቢረሳው እሱ አይረሳውም፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ይሆናሉ፣ አባባና እሱ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፁ እየተደናቀፈ ሄደ። ከላይና ከታች ግን መደዳው በሙሉ ይመታ ነበር፤ ሳያውቀው እጁ ከነሱ ጋር ይገጥም ጀመር። በባዶው ቤታችን ሆኜ ፈትል ስፈትል እሰማዋለሁ። አንድ ጠዋት ከቀድሞው አልለየው ብሎኝ ደስ አለኝ። ጨርቁ ወደ ማለቂያው ደረሰ። አርባው ቀረበ።

ከዚያ ቆመ።

ይቋጥራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰም። የሚጠይቀው ሰው ማን ነው? የግድግዳው ጎረቤት። የግድግዳው ጎረቤት ደግሞ እሱ ራሱ ነበር፤ በማዶ ያለው ቤት የሱ፣ ውስጡ ያለሁት እኔ። በሰፈሩ ያሉት ወንዶች ዝምታውን ሰምተዋል፤ አንድ በአንድ መወርወሪያቸውን አቆሙ። መደዳው በሙሉ ጭር አለ። በኖርኩበት ዘመን እንዲያ ያለ ጭርታ በቀን ሰምቼ አላውቅም። ማንም አይጠይቅም፤ ወጉ አይፈቅድም። ባሌ ደግሞ አሁን እዚያ ማዶ፣ በሙት ሰው ቦታ ላይ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያን ጎርናና ድምፅ እየጠበቀ እንደሆነ ሳላየው አየሁት። ያ ድምፅ ከመጣ ደግሞ ይዞት ይሄዳል።

እንዝርቴን ጣልኩ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ፣ ሴት እንደሆንኩ፣ ባለኝ ድምፅ ጮህኩ፦

«ተበጠሰ?»

ምንም የለም። ደግሜ ጮህኩ።

ከማዶ የመጣው መልስ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ የማያውቅ ነበር። «አዎ» አለ ባሌ፤ ድምፁ ተሰብሮ፣ ግን የራሱ ድምፅ፣ «አዎ፣ ተበጥሷል።»

«እንግዲያው ጫፉን ፈልገው» አልኩት።

ሲያለቅስ ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ፤ ለአባባም፣ ለዚያች ስም ላልወጣላት ልጄም። ቆይቶ መወርወሪያው አንዴ ሄደ። ቆመ። ደግሞ ሄደ። ከዚያ ከላይ አንዱ ጀመረ፣ ከታች ሌላው፣ መደዳው እንደገና ሞላ። ጋቢው ለአርባው ደረሰ። ሴት መጠየቋን ግን ማንም አንስቶብኝ አያውቅም።

ባሌ ከዚያ በኋላ በአባባ ጉድጓድ ሸመገለ፤ ከግድግዳው ማዶም እኔ ስጠይቀው ኖርኩ። አሁን ሰፈሩ የለም። ሸማኔዎቹ ሞቱ፣ ተበተኑ፣ መደዳው ፈርሶ ከኔ ቤት ጀርባ የቀረው አንድ ግድግዳ ነው፤ ማዶው ባዶ ቦታ ነው። ስፈትል እውልና አንዳንዴ እጄ ይቆማል፣ ለምን እንደቆመ ሳላውቀው እቆያለሁ። ያን ጊዜ ጮክ ብዬ «ቀጠልኩ!» ስል ራሴን እሰማለሁ። የጠየቀኝ ባሌ ነው፤ ሰውየው ይሁን አገሩ ዞሬ አላይም፤ ጫፉን ፈልጌ እቋጥራለሁ።